ጠዳን በሠላሳ ያሳለፈች

ብዕሩን የያዘችው ፍቅርተማርያም ናት፤ የመዝገብ ቤታችን ፍቅርተማርያም፣ ያቺ ጥግ ላይ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ የተቀመጠችው። ተናጋሪው እኔ ነኝ፤ ካሣዬ፣ የጠዳ ኬላ ገመድ ሳቢ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ አላፍርበትምም። ፊደል የቆጠሩት ሁሉ ሲያልፉ ገመዱን የማወርድላቸው እኔ ነኝ።

ምነው የሽኝት ንግግር እየተነገረ ይጻፋል የምትሉ ትኖራላችሁ። በእኛ መሥሪያ ቤት ያልተጻፈ ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል። እስከ ዛሬ ስንት ነገር ተናግሬ ነፋስ ወሰደው። የዛሬውን ግን አይወስደውም። ስለዚህ እኔ ስናገር እሷ ትጽፋለች። ፍቅርተማርያም፣ ያልሁትን ጻፊ፤ እንዳታሳምሪው። ሰው ሲያቋርጠኝም የተናገረውን ጻፊ፤ በኋላ አላልሁም እንዳይል።

ሁለት ጉዳይ አለኝ። አንደኛው ኢንስፔክተር ሪሃናን መሸኘት ነው። ሁለተኛው ያ ከዳቦው አጠገብ የተቀመጠው ጥቁር ሻንጣ ነው። ውስጡ ራዳሩ አለ፤ የማኪና ፍጥነት የሚለካው። ከላይ ደብዳቤ መጥቷል፤ ፍቅርተማርያም ሦስት ጊዜ አንብባልኛለች። «የመሣሪያው ኃላፊ ኢንስፔክተር ሪሃና በጡረታ ስለሚሰናበቱ፣ መሣሪያውን ፈርሞ የሚረከብ የከተማው ባልደረባ እስከ ዓርብ ካልቀረበ፣ ራዳሩ ጎንደር ወደሚገኘው መጋዘን ይመለስ» ይላል። ዛሬ ረቡዕ ነው። የፈረመ የለም። አቶ ወልደኢየሱስ፣ እርስዎ የቢሮው ኃላፊ ነዎት፤ አይቅበጥበጡ፤ ሥጋዎን ይብሉ። ወደ ሻንጣው እመለሳለሁ። መጀመሪያ እንስቃለን።

ሪሃና፣ ዛሬ አንቺ ልልሽ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ብዬሻለሁ፤ አለቃ ስለሆንሽ። ዛሬ ጡረታ ወጥተሻል፤ በዕድሜ ታናሼ ነሽ። ቅር ካለሽ አሁን ተናገሪ። ሳቀች። ፍቅርተማርያም፣ ሳቀች ብለሽ ጻፊ።

ይቺ ሴት ጠዳ የገባችበትን ቀን ያየሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ነበር። ገመዱን ይዤ ድንጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ከአዘዞ በኩል አንድ ሚኒባስ እየበረረ መጣና ፍሬኑን ሲይዝ አቧራው እኔን አልብሶ አለፈ። አቧራው ሲገለጥ ከጋቢና አንዲት ረጅም ሴት ወረደች፤ ነጭ ኮፍያ፣ ደረቷ ላይ ፊሽካ። አዲሷ ትራፊክ ይቺ ናት አልሁ በልቤ። ወደ ቢሮ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ በማኪናው አፍንጫ ዞራ ወደ ሹፌሩ መስኮት ሄደች።

«መንጃ ፈቃድ» አለችው።

«እንዴ እትዬ! አሁን እኮ አጠገቤ ነበሩ!»

«ለዚያ ነው ያወቅሁት። ከአዘዞ ጀምሮ ሰባና ሰማንያ ስትረግጥ ቆጣሪህን እያየሁ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ምነው ያኔ ዝም አሉ?»

«ያኔ ተሳፋሪ ነበርሁ። ሥራ የጀመርሁት እግሬ መሬት ሲነካ ነው።»

ቅጣቱን ጻፈችለት። ሰውየው ተናደደ፤ ወረቀቱን ነጥቆ፣ በሩን ደርግሞ፣ ነዳጁን ረግጦ ሄደ። ሲሄድ ቀና ብዬ ሳይ፣ ጣሪያው ላይ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ባልዲ ታስሯል። የእሷ ዕቃ ነው! ገመዴን ጥዬ አስፋልቱን ይዤ ሮጥሁ። «ፍራሽ! ኧረ ፍራሽ!» እያልሁ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ብቅ ብላ «አያ ካሣዬ፣ ፍራሽ መሸጥ ጀመሩ? ስንት ነው?» አለችኝ። እዚህ ተቀምጣለች፤ ትካድ እስቲ።

ሪሃና ከኋላዬ «ተዉት አያ፤ የሰሌዳ ቁጥሩን ይዣለሁ» አለችኝ። የመጀመሪያ ንግግሯ ለእኔ ይህ ነው።

ሁለት ሌሊት እኛ ቤት አጎዛ ላይ ተኛች። በሦስተኛው ቀን ሚኒባሱ ከማክሰኝት በኩል መጣ፤ ፍራሹን ተሸክሞ፣ ሙሽራ እንደጫነ እያዘገመ። ሹፌሩ ወርዶ ፍራሹን በራሱ ትከሻ አወረደ። እሷ ምን አለችው መሰላችሁ? «ሸጋ ነው። ለፍራሽ እንዲህ ከነዳህ ለሰውም ትችላለህ።»

ያን ዕለት ለባለቤቴ «ይቺ ሴትዮ እዚህ ሳምንት አትቆይም፤ ያባርሯታል» ብያት ነበር። ተሳስቻለሁ። ይጻፍ። ካሣዬ ተሳስቻለሁ ሲል ሰምታችሁ አታውቁም፤ ዛሬ ሁለት ጊዜ ትሰማላችሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ቀስ በል፤ ጠዳ ጥላህ አትሄድም» የሚለውን ነገሯን ያልሰማ ሹፌር አለ? የለም። አሁን እኮ የእኛ ሴቶች ባሎቻቸው ምሳ ሲጣደፉ «ቀስ በል፤ ጠዳ ጥላህ አትሄድም» ይላሉ። ቅጣት ጽፋ ስታበቃ ደግሞ ከኪሷ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ አውጥታ ለተቀጪው ትሰጠዋለች። «እንካ፤ አፍህ ሥራ ሲይዝ እግርህ ያርፋል።» አንድ የጭነት ማኪና ሹፌር ቆሎዋን ለምዶ፣ ሳያጠፋም ቆሞ «የእኔስ?» ይላት ነበር።

ራዳሩ የመጣ ሰሞንማ ያልለካችው ነገር የለም። አህያ ለካች። በቅሎ ለካች። የሠርግ አጃቢ ለካች፤ ሚዜዎቹ ከሙሽራው ይፈጥናሉ አለች። አንድ ቀን ወደ እኔ አዙራው፣ «አያ ካሣዬ፣ ወደ ምሳ ሲሄዱ ሰባት ነዎት፤ ከምሳ ሲመለሱ ሦስት» አለችኝ። አቶ ወልደኢየሱስንም ለክታለች። ይቆጡኝ እንደሆነ ይቆጡኝ፤ ወደ ስብሰባ ሁለት፣ ከስብሰባ ስምንት። አያችሁ? ራሳቸውም ሳቁ። ጻፊ፤ ኃላፊው ሳቁ።

ይህ እዚያ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ነጭ ቆቡን ያደረገው፣ ወንድሟ ጃቢር ነው። የጎንደር ነጋዴ፣ የነጋዴ ልጅ፣ የነጋዴ የልጅ ልጅ። ዛሬ ለስላሳውንም ቴምሩንም ያመጣው እሱ ነው፤ አላህ ይስጥህ። ግን ታሪኩን አልተውለትም። ከማክሰኝት እህል ጭኖ ሲመለስ ሠላሳ በሚፈቀድበት ራዳሩ ውስጥ በስድሳ አንድ ገባ። ገመዱን ከፍ አድርጌ አቆምሁት። እሷ መጣች።

«ኧረ ሪሃና፣ እኔ ነኝ!» አለ በመስኮት።

«አየሁ። መንጃ ፈቃድ።»

«እህቴ አይደለሽም እንዴ?»

«እህትህ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፣ እናታችን ቤት ናት፤ ማታ ሄደህ ሰላም በላት። እዚህ የቆመችው ትራፊክ ናት።»

ጻፈችበት። እሱም ቀጥታ ጎንደር ገብቶ ለእናታቸው ከሰሳት። እናትዮዋ ስልክ ደወሉ፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። «ልጄን ቀጣሽው?» አሉ። «አዎ እማ» አለች። «ከጨቅላነቱ ጀምሮ ሩጫ አይተውም፤ እኔ ያልቻልሁትን ቻልሽው። ጨምሪለት» ብለው ዘጉ። ጃቢር፣ ውሸት ነው? አንገቱን ደፋ። እውነት ነው ብለሽ ጻፊ።

አሁን ሁለተኛውን ስሕተቴን ልናገር። ይህን ከመሥሪያ ቤታችን ከሪሃናና ከመዝሙር በቀር የሚያውቅ የለም፤ መዝሙር ያ ወጣቱ ትራፊክ ነው፣ በሩ አጠገብ የቆመው።

ራዳሩ መጥቶ ወራት አለፈ፤ የሚያዝ ሰው ጠፋ። ከአዘዞ የመጣው በሠላሳ፣ ከማክሰኝት የመጣው በሠላሳ። አቶ ወልደኢየሱስ ደስ ብሏቸው «ፍጥነት ጠፍቷል» ብለው ሪፖርት ላኩ። ሪሃና ግን አልዋጠላትም። «አያ ካሣዬ፣ ጠዳ ገነት ሆነች ወይስ ራዳሩ ታሟል?» ትለኛለች። ምክንያቱም እሷ ጎንደር ለስብሰባ የሄደች ቀን፣ ማኪናው ሁሉ እንደ አሞራ ነው የሚያልፈው፤ ሻይ ቤቷ ትመስክር።

አንድ ቀን ራዳሩን ለመዝሙር ሰጥታ፣ የሲቪል ልብስ ለብሳ፣ በነጠላዋ ተሸፍና አዘዞ ላይ ሚኒባስ ተሳፈረች። ወደ ጠዳ ሲቃረቡ ሹፌሩ ረዳቱን «ሽማግሌው ቆመዋል ወይስ ተቀምጠዋል?» ብሎ ጠየቀ። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ቆመዋል!» አለ። ማኪናው ወዲያው ቀዝቀዝ አለ። ሪሃና ግራ ገባት። አጠገቧ ዶሮ ያቀፈች ሴት ነበረች። «ልጄ፣ ለዚህ መንገድ አዲስ ነሽ መሰለኝ» አለቻት። «የኬላው ሽማግሌ ከቆሙ ራዳር አለ። ከተቀመጡ መንገዱ የእኛ ነው።»

ሽማግሌው እኔ ነኝ! ወርዳ መጣችና ነጠላዋን ገለጠች።

«አያ ካሣዬ፣ እኔ ራዳር ስይዝ እርስዎ ምነው ይቆማሉ?»

«ታዲያ አለቃ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? የት ያየሁትን ነውር?»

«መዝሙር ሲይዝስ? እሱ ልጅዎ ይሆናል።»

«የመንግሥት ልብስ ለብሷል። ለልብሱ እቆማለሁ።»

«ማንም ሳይኖርስ?»

«ማንም ከሌለማ እቀመጣለሁ። ጉልበቴን እኮ ያመኛል።»

የመንገዱን ምልክት ግንድ ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። እኔ ግን ሲገባኝ መሬት ብትውጠኝ ወደድሁ። አያቴ ለአለቃ ተነሣ፣ ለታላቅህ ተነሣ እያለ ያሳደገኝ፤ ለካ በአክብሮቴ ለሯጭ ሹፌር ሁሉ ጠቋሚ ሆኜ ኖሬያለሁ! ሌላ አለቃ ቢሆን ያባርረኝ ነበር። እሷ ግን ለማንም ሳትናገር፣ «ከነገ ጀምሮ እኔ ብኖርም ባልኖርም ይቁሙ» አለችኝ።

«ማንን አክብሬ?» አልኋት።

«የሚሻገሩትን።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆምሁ። ጉልበቴ ሲያመኝ ገመዱን ተደግፌ ቆምሁ። ራዳሩ ተበላሽቶ አርባ ቀን ለጥገና ሲሄድ ማንም አላወቀም፤ ሽማግሌው ቆሟልና ማኪናው በሠላሳ አለፈ። ሹፌር ተደናገረ። ልጄ አቢ ራሱ ሹፌር ነው፤ ከጎንደር ማክሰኝት ይሠራል፤ እሱ እንኳ ቤት እየበላ «አባባ፣ ዛሬ ራዳር ነበር ወይስ አልነበረም?» ይለኛል። ነገርሁት? ንፍሮዬን በላሁ።

አሁን ከእናንተ መካከል «ታዲያ አያ ካሣዬ ከቆሙ ራዳሩ ምን ያደርጋል? ይሂድ» የሚል ይኖራል። ይህን ለራሴም ብዬው ነበር። አቢ ነው የመለሰልኝ። «አባባ፣ ሰው የሚፈራው እርስዎን አይደለም፤ ራዳሩ ሊኖር ይችላል ብሎ ነው። ጎንደር መጋዘን መግባቱ በተሰማ ማግስት እርስዎ ቢቆሙም ቢዘልሉም ያው አንድ ሽማግሌ ነዎት።» ልጁ ልክ ነው። እንደ አባቱ አፉ አይታሰርም።

ሳቁ እዚህ ላይ ትንሽ ይረፍ።

ሪሃና፣ አንቺን ላመሰግን ነው የተነሣሁት፤ ምስጋና ደግሞ ከምኑ ላይ እንደሆነ ካልተነገረ ባዶ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ቅዳሜ፣ ባለቤቴ ጤፍ ተሸክማ ወደ ወፍጮ ቤት ስትሻገር ማኪና መታት። አልሞተችም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚያ ተቀምጣለች፤ ከዘራዋን ወንበሩ ላይ ሰቅላ። አሁን በዓይኗ «ሰዉን አታሳዝን» እያለችኝ ነው። እሺ፣ አላሳዝንም። ግን ያን ቀን ከአስፋልቱ ላይ ያነሣኋት እኔ ነኝ። ከእሷ በፊትም ሌሎችን አንሥቻለሁ፤ የማይነሡትንም። ኬላ ላይ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚደርስ እሱ ነው።

ሪሃና ሆስፒታል አብራን አደረች። ሲነጋ «አያ ካሣዬ፣ ይምጡ» ብላ ቢሮ ለቢሮ ይዛኝ ዞረች። አንዱ ዘንድ ስንሄድ «መንገዱ የእናንተ ከተማ አይደለም፤ አገር አቋራጭ ነው፤ ከላይ ጠይቁ» አለን። ከላይ ስንጠይቅ «ፍጥነት መቆጣጠር የከተማችሁ ጉዳይ ነው» አሉን። ታች ስንወርድ ወደ ላይ፣ ላይ ስንወጣ ወደ ታች። ገመድ ሳቢ ነኝ፤ ገመድ ግን እንዲህ ሲሳብ አይቼ አላውቅም። በአራተኛው ቢሮ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ «ጌታዬ» አለችው፣ «መንገዱ የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። መንገዱን የሚሻገረው እግር የጠዳ ነው። ለእግሩ ማን ነው ኃላፊው?» ሰውየው ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። ብዙ አገላበጠ።

አሥራ አራት ወር ፈጀ። በመጨረሻ «ከተማው ራዳሩን በራሱ ኃላፊነት ይያዝ፤ የሚፈርም ሰው ይቅረብ» ተባለ። እልል አልን። ስብሰባ ተጠራ። ማን ይፈርማል ሲባል፣ ያ ሁሉ ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔም አይቻለሁ፤ የፕላስቲክ ጫማ ነበረኝ። «ቢሰበርስ?» አለ አንዱ። «እኔ እጠየቃለሁ» አለች። «ቢጠፋስ?» «እኔ እጠየቃለሁ።» ከዚያ ዞራ «ራዳሩ መጋዘን ተቀምጦ ሰው ቢሞትስ ማን ይጠየቃል?» አለች። ፈረመች። ብቻዋን።

ከዚያ ወዲህ ከዚያ አስፋልት ላይ ያነሣሁት ሰው የለም። አንድም። ይህን ለብቻው መስመር አድርገሽ ጻፊው፣ ፍቅርተማርያም።

ሪሃና፣ ባለቤቴ ዛሬም በከዘራዋ ወፍጮ ቤት ትሄዳለች። መሀል አስፋልት ላይ ቆማ ከጎረቤት ጋር ወሬ እስከማውራት ደርሳለች፤ ይህንንስ ተቆጫት። ከዚህ በላይ ምስጋና አላውቅም።

እሺ። አሁን ወደ ሻንጣው።

መዝሙር፣ ና ወደ መሀል። ምነው ትሸሻለህ? ራዳሩን ከሪሃና ቀጥሎ አንተ ነህ የምታውቀው። ሁለት ሰዎች «አልፈርምም» ብለዋል፤ ስማቸውን አልጠራም፤ ሽኝት ነው። አንተ ግን «አስብበታለሁ» ብለሃል። አሳብህን ለሁሉም ተናገር። ጮክ በል፤ እንዲጻፍ።

እንዲህ ይላል መዝሙር፤ ጻፊ። «አያ ካሣዬ፣ መሣሪያውን አልፈራም። የምፈራው እናንተን ነው። ኢንስፔክተር ከጎንደር መጡ፤ እዚህ ዘመድ የላቸውም። እኔ የጠዳ ልጅ ነኝ። ሹፌሩ ሁሉ ያክስቴ ልጅ፣ ያጎቴ ልጅ፣ አብሮ አደጌ ነው። አንዱን ስቀጣ በማግስቱ ሦስት ሽማግሌ ጋቢ ለብሶ ቤቴ ይመጣል። ‹ስለ እኛ ብለህ ማረው› ይላል። ሽማግሌ ደጄ ቆሞ እምቢ ማለት አልተማርሁም። ስለዚህ ወይ ደንቡን እጥላለሁ ወይ አገሬን እጣላለሁ።»

ሰማችሁ? ልጁ እውነቱን ነው።

አሁን ልጁን «ፈሪ ነህ» ልንለው አፋችን ተከፍቶ ነበር። ፈሪዎቹ እኛ ነን። ጋቢ ለብሶ የሚሄደው ማን ነው? እኔ ነኛ! ሪሃና ዘንድ ለእህቴ ልጅ አማላጅ ሆኜ ሄጃለሁ። ባለቤቴ በተመታች በሁለት ዓመቱ! ሪሃና ወንበር ሰጠችኝ፣ ሻይ አፈላችልኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ፣ እስከ በር ሸኘችኝ። ቅጣቱን ግን አልሠረዘችም። ስወጣ «አያ ካሣዬ፣ እዚህ የመጣው የትኛው እግርዎ ነው? ያ የሚቆመው ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልሄድሁም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ራዳሩ የከተማው ነው ካልን፣ የከተማው ሰው ሁሉ ይያዘው እንጂ አንድ ሰው ጫንቃ ላይ አይጣል። መዝሙር ይፈርም። እኛ ደግሞ እዚህ ያለን ሁሉ፣ ለልጃችንም፣ ለወንድማችንም፣ ለአማቻችንም፣ ለፍጥነት ቅጣት አማላጅ ላንሄድ፣ አማላጅም ላንልክ፣ እጃችንን እናውጣ። የሄደ ቢኖር፣ መዝሙር ሻይ ያፍላለትና በባዶ እጁ ይመልሰው፤ ሁላችንም «ደግ አደረግህ» እንበለው።

አንደኛ፣ ካሣዬ። እጄ ይኸው።

አቢ! አንተ ደጃፍ ላይ ምን ያስጮህሃል? «አባባ፣ እኔ እኮ ሹፌር ነኝ!» ይላል። አዎ፣ ሹፌር ነህ። ለዚያ ነው እጄን አንደኛ ያወጣሁት። ተይዘህ ብትመጣ አባባ የለም፤ ሠላሳ አለ። ጻፊ፣ ፍቅርተማርያም፤ ልጁ ሹፌር ነው ብለሽም ጨምሪ።

ቀጥሎ ማን ነው? ሻይ ቤቷ፤ ሸጋ። ወፍጮ ቤቱ፤ ሸጋ። የእድሩ ዳኛ፣ ምነው ግማሽ እጅ ያወጣሉ? ሙሉውን ያውጡት እንጂ! እንዲያ። ጃቢር፣ አንተ የጎንደር ሰው ነህ፤ ግን እህልህ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ውጣ። ወጣ። ሁለቱንም እጁን ነው ያወጣው፤ የእናቱን ስልክ ፈርቶ ነው። ባለቤቴ ከዘራዋን አውጥታለች፤ ይቆጠር። ሪሃና፣ አንቺ እጅሽን አውርጂ፤ ጡረታ ወጥተሻል። አላወርድም ትላለች። እንግዲህ ትዕዛዝ ሰምታ አታውቅም።

አቶ ወልደኢየሱስ፣ እርስዎስ? የአማችዎ ማኪና ስንት ጊዜ... እሺ፣ አልናገርም። አወጡ! ኃላፊው እጃቸውን አወጡ። ጻፊ፤ በትልቁ ጻፊ።

መዝሙር፣ አየህ? አሁን ተራው ያንተ ነው። ዙሪያህን እይ፤ የሚመጣብህ ሽማግሌ ማን ቀረ?

ወረቀቱን ተቀበለ። ብዕር ስጪው፣ ፍቅርተማርያም፤ ያንቺን ስጪው፤ ጽሑፉ ትንሽ ይቆይ።

ፈረመ!

እልል በሉ እንጂ! እልልታውስ ይጻፋል? ባይጻፍም ግድ የለም፤ ባሕር ዳር ይሰማል። አቶ ወልደኢየሱስ «ማኅተሙ ቢሮ ነው፤ ነገ እናትመዋለን» ይላሉ። ጌታዬ፣ ቢሮው ከዚህ ግድግዳ ማዶ ነው። በስምንት ይሂዱና በስምንት ይመለሱ። እንጠብቃለን፤ ዳቦው አላለቀም።

እስኪመጡ ብርጭቋችሁን አንሡ። የያዛችሁት ብርዝ ነው፤ ማሩ ከእኛ ቀፎ ነው፤ አልፈላም፣ ሁሉም ይጠጣዋል፤ የሪሃናን ብርጭቆ እኔው ነኝ የቀዳሁት። በሉ።

ሪሃና፣ ወደ አዲስ ዓለም ስትመለሺ እናትሽን በጤና አግኚያቸው። ጠዋት ያለ ፊሽካ ተነሺ። ፀሐይ ሙቂ፤ ማንም አይከሰስብሽ፣ ማንም አይሸሽሽ። የወንድሞችሽ ልጆች ቤቱን ሞልተው ይሩጡ፤ እነሱን አትቀጪ። ጉልበትሽ እንደ እኔ ጉልበት አይሁን። ጠዳ ስትመጪ በማንኛውም ማኪና ነይ፤ ገመዱ ላንቺ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ነው። እኛን የጠበቅሽበት ዓይን አይድከም። ስላቆየሽልኝ ሰው ፈጣሪ ዕድሜሽን ያቆይልሽ። ለሪሃና!

ጠጡ። ጨልጡት።

እነሆ ማኅተሙ መጣ። ኧረ ደህና ሮጠዋል! ይምቱት እዚያ ላይ፤ ከመዝሙር ፊርማ ጎን። ጠበቅ አድርገው። ሸጋ። እንግዲህ ሻንጣው ከጠዳ አይወጣም።

አሁን በሩን ዝጉት፤ አንድም ሰው እንዳይወጣ። ፍቅርተማርያም፣ ብዕርሽን ተቀበይውና ይህንን የመጨረሻውንም ጻፊ፤ ከዚያ ተነሺና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ያልሁት ከጎደለ አሁኑኑ እሞላዋለሁ። እጅ የወጣበት ላይ ስትደርሺ ጮክ በይ፤ ስም በስም፤ መጀመሪያ የእኔን።